ጎጃም ለምን ቴክኖ ይይዛል?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣም ሆነ ዳንግላ፣ የሞባይል ጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ ተፈትተው የሚታዩት ቀፎዎች በብዛት ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ ናቸው። ሳምሰንግ ይከተላል፤ አይፎን አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ይህን አይተው «ቶሎ ስለሚበላሹ ነው» የሚሉ አሉ፤ «ሰው አቅም ስለሌለው ነው» የሚሉም አይጠፉም። ዋጋ ድርሻ የለውም አልልም። ነገር ግን ዋጋቸው የተቀራረበ ሳምሰንግና ቴክኖ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰው ቴክኖውን አንሥቶ ሲሄድ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ያንን ምክንያት ንቆ ማለፍም ተገቢ አይመስለኝም። ገበሬውም፣ መምህሩም፣ ባለ ባጃጁም ስልኩ የት እንደሚውል፣ ሲሰበር ደግሞ ማን እንደሚጠግነው አስቦ ነው የሚገዛው።

ሦስቱም የአንድ ኩባንያ ምርቶች ናቸው። ትራንሽን ይባላል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቻይና ሼንዘን ውስጥ ያለ ድርጅት ነው። በአገሩ በቻይና ስልኮቹ ብዙም አይታወቁም፤ ዋና ገበያው አፍሪካ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠም ጀመረ፤ ስልኮቹንም ከአማርኛ ጽሑፍ ጋር አቀረበ። ካሜራውን ለጥቁር ቆዳ አስተካክሎ መሥራቱም ታስቦበት ነው፤ መብራቱ ደብዘዝ ባለ ቤት ውስጥ በተነሣ የሠርግ ፎቶ ላይ የሙሽራዋ ፊት ጠቁሮ አይጠፋም።

የመጀመሪያው ምክንያት ግን ባትሪ ነው። ስፓርክና ፖፕ የተባሉት የአሁኖቹ ርካሽ የቴክኖ ሞዴሎች በአብዛኛው 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ባትሪ አላቸው፤ ፖቫ 2 እስከ 7000 ደርሶ ነበር። ሳምሰንግ ኤ05ም 5000 ስለሆነ በዚህ ብዙ አይበላለጡም። አይፎን 11 ግን 3110፣ አይፎን ኤክስ 2716 ነው። አይፎን ባትሪውን በቁጠባ ይጠቀማል፤ ቢሆንም ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ወደ እኛ የሚደርሰው ሁለትና ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያችም ትንሽ ባትሪ ላይ የተወሰነው አቅም አልቋል። የርካሹ ቴክኖ ስክሪን ጥራትም እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ ወርዱ 720 ፒክስል ብቻ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ብዙ አይደክምም፣ ባትሪም አይበላም። ሱቅ ውስጥ እንደ ጉድለት የሚነገረው ነገር ገጠር ሲገባ ጥቅም ይሆናል።

መብራት ባልገባበት ቀበሌ ስልክ የሚሞላው በሶላር ነው። ሒሳቡን አንድ ጊዜ ማወቅ ከብዙ ብስጭት ያድናል። 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ውስጥ የሚገባው ኃይል ወደ 19 ዋት ሰዓት ነው። በመንገድ ላይ በሙቀት የሚባክነው ሲታሰብ ከፓነሉ ወደ 24 ዋት ሰዓት መውጣት አለበት። «10 ዋት» የተጻፈበት ፓነል ጥሩ ፀሐይ ላይ በተግባር የሚሰጠው 6 ዋት አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከባዶ እስከ ሙሉ አራት ሰዓት ያህል የጠራ ፀሐይ ይፈልጋል። ክረምት ላይ ደመናው ሲከብድ በአንድ ቀን አይሞላም። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ስልኩን ከፓነሉ አጠገብ ፀሐይ ላይ በማስቀመጡ ነው። ባትሪ ሲግል መሙላቱን ራሱ ይቀንሳል፣ ሲደጋገም ደግሞ ያብጣል። ፓነሉ ፀሐይ ላይ፣ ስልኩ ጥላ ውስጥ መሆን አለበት፤ ገመዱ ግን ከአንድ ሜትር ብዙ ባይረዝም ይመረጣል፣ ቀጭን ረጅም ገመድ ኃይሉን በመንገድ ላይ ይበላዋልና።

ባትሪ ቶሎ አለቀ ብለው ስልኩን የሚወቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወቅሱት የመልክዓ ምድሩን ሥራ ነው። ከጮቄ ግርጌ ባሉ ሸለቆዎች ወይም ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርዱ ቀበሌዎች ኔትወርክ ሲደክም፣ ስልኩ ታወሩን ለማግኘት በከፍተኛ ኃይል ይጣራል። ሁለት ሲም ካለ ሁለቱም ይጣራሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ሴቲንግ» ውስጥ በሞባይል ኔትወርክ ገብቶ 4ጂ በማይደርስበት ቦታ 3ጂ ወይም 2ጂ ብቻ እንዲፈልግ ማድረግ፣ ያልተፈለገውን ሲም ማጥፋት፣ ሌሊት ደግሞ ወደ አውሮፕላን ሞድ መቀየር። ደጋው ላይ በጠዋት ብርድ ባትሪው 20 በመቶ እያሳየ ድንገት ቢጠፋም አልሞተም፤ ብርድ ኃይሉን ለጊዜው ያዳክመዋል፣ ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ይመለሳል።

ሁለተኛው ምክንያት የሲምና የሚሞሪ ቦታ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ባሕር ዳር አገልግሎቱ ቀድሞ ከደረሳቸው ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሲም ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው በዝቷል። የስፓርክና የፖፕ ስልኮች በአብዛኛው ሁለት ሲምና አንድ ሚሞሪ ካርድ በየራሳቸው ቦታ ይይዛሉ። ሳምሰንግ ኤ05ም እንዲሁ ነው። ሳምሰንግ ኤ15 ላይ ግን ሁለተኛው ሲምና ሚሞሪው አንድ ቦታ ይጋራሉ፤ አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማውጣት ግድ ነው። አይፎን ደግሞ ከነጭራሹ ሚሞሪ አይቀበልም። ይህ ለከተማ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ በቆየበት ወቅት ግን መዝሙሩም፣ ፊልሙም፣ የተማሪው የትምህርት ቪዲዮም ከሰው ወደ ሰው የተላለፈው በሚሞሪ ነው። ዜና ደግሞ በኤፍ ኤም ሬዲዮ ተሰማ። አይፎን ሬዲዮ የለውም፤ ቴክኖ አለው፣ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ እንደ አንቴና ስለሚያገለግል መሰካት ብቻ ይበቃዋል።

ሚሞሪ ሲገዛ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በርካሽ የሚሸጥ «128 ጂቢ» ብዙ ጊዜ ውስጡ 8 ወይም 16 ጂቢ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ አሳስተው ጽፈውበታል። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም የተቀበለ ይመስላል፣ ከትክክለኛው መጠን ሲያልፍ ግን ፋይሉ ስሙ ብቻ ይቀርና አይከፈትም። ከመክፈል በፊት ትልልቅ ቪዲዮዎችን ገልብጦ የመጨረሻውን ከፍቶ ማየት ነው። ትክክለኛ ሆኖም ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ ፊልም አልቀበልም ካለ ችግሩ ካርዱ አይደለም፤ ፋት32 በተባለው የቆየ የፋይል አደራደር ስለተፎረማት ነው። ውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ በኤክስፋት እንደገና ፎርማት ማድረግ ይፈታዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ጥገና ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የማስበልጠው ይህንን ነው። ስልክ ወድቆ ሲሰበር የሚቀየረው «ኮምፕሊት» የሚባለው ነው፦ ታቹና ስክሪኑ ተጣብቀው አንድ ሆነው ይመጣሉ። የርካሹ ቴክኖ ስክሪን ኤልሲዲ ስለሆነ ኮምፕሊቱ ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው ስለያዘው ደግሞ ጠጋኙ መደርደሪያ ላይ አያጣውም። ኤ15ን የመሰሉ ሳምሰንጎች አሞሌድ ስክሪን አላቸው፤ ለዓይን ያምራል፣ ፀሐይ ላይም በደንብ ይታያል፣ ነገር ግን ኦርጅናሉ ውድ ነው። ስለዚህ ጠጋኙ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው የኤልሲዲ ኮፒ ነው፤ ይህ ወፈር ይላል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ባትሪም ይበላል። ዕቃው ከአዲስ አበባ ይምጣ ከተባለ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ማርቆስ መድረስ አለበት፤ መንገዱ ሲዘጋ ሥራው ይቆማል። የቻርጅ መሰኪያ ቀዳዳው ሲላላም እንዲሁ ነው። በብዙዎቹ ስፓርኮች ላይ መሰኪያው ያለበት ትንሽ ቦርድ ለብቻው ስለሚነቀል፣ የፕላስቲክ ጀርባውን ከፍቶ መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በአንዳንድ ርካሽ ሞዴሎች ግን ዋናው ቦርድ ላይ ስለተበየደ የብየዳ እጅ ይጠይቃል።

ዕቃ ሲታዘዝ «የስፓርክ 20» ማለት አይበቃም። 20፣ 20ሲ እና 20 ፕሮ የተለያዩ ስልኮች ናቸው፤ የአንዱ ስክሪን ለሌላው ላይሆን ይችላል። «ስለ ስልኩ» በሚለው ቦታ የተጻፈውን የሞዴል ኮድ ፎቶ አንሥቶ መላክ ነው።

ቴክኖን ስለወደድኩ ክፉ ጎኑን አልሸፍንም። ካርቶኑ ላይ «8 ጂቢ ራም» ተብሎ በደቃቅ ጽሑፍ 4+4 የተጻፈበት ስልክ ትክክለኛ ራሙ (ስልኩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ፈጣን ጊዜያዊ ማኅደር) 4 ጂቢ ነው፤ የቀረው ከዕቃ ማስቀመጫው የተቀነሰ ቦታ ነው፣ ፍጥነቱም ከራም ጋር አይወዳደርም። ዕቃ ማስቀመጫው ራሱ ሲሞላ ስልኩ ይንቀራፈፋል፤ ቢያንስ ከመቶ አሥር እጁን ባዶ መተው ያስፈልጋል። አብረው የሚመጡት መተግበሪያዎችና ማስታወቂያዎቻቸው ዳታ ይበላሉ፤ የማይጠፉትን «ዲሴብል» ማድረግ ይቻላል። ከዚህ የከፋም ታይቷል፦ በ2020 እ.ኤ.አ. ቴክኖ ደብሊው2 በተባለው ርካሽ ሞዴል ላይ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠሩትን ጨምሮ፣ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ቫይረሶች ከፋብሪካ ጀምሮ ተጭነው ተገኝተዋል፤ ባለቤቱ ሳያውቅ አገልግሎት እየተመዘገቡ የካርድ ሒሳብ ይበሉ ነበር። ኩባንያው ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ አካል ላይ አድርጎ ማስተካከያ ማውጣቱን ገለጸ። ዛሬም ሒሳቡ ያለ ምክንያት የሚቀንስበት ሰው የቆየ ደብሊው2 ይዞ ከሆነ ስልኩን መቀየር ይሻለዋል።

ከዚያ ደግሞ የአንድሮይድ ማሻሻያ አለ። ሳምሰንግ ለኤ15 የአራት ትውልድ አንድሮይድና የአምስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ቃል ገብቷል፤ ርካሹ ቴክኖ እዚህ አጠገብ አይደርስም። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ መብራት ያለበት ቤት የሚኖር፣ ደመወዙንም የባንክ ሥራውንም በስልክ የሚያንቀሳቅስ፣ አንድ ቀፎ አራትና አምስት ዓመት ይዞ መቆየት የሚፈልግ ሰው ሳምሰንግ ቢገዛ እመክራለሁ። ገጠር ቀበሌ ለሚውል፣ ሁለት ሲም ለሚይዝ፣ በዓመት አንዴ ስክሪን ለሚሰብር ሰው ቴክኖ ይሻላል። ለቴሌብር ብቻ ከሆነ ደግሞ *127# በማንኛዋም ቁልፍ ያላት ስልክ ይሠራል፤ ለዚያ ስማርትፎን አያስፈልግም።

ከውጭ አገር ለእናት ለአባት አይፎን የሚልኩ ልጆችን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ የመጣ ሞዴል ሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም፤ የሚሠራው በኢሲም (ስልኩ ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም) ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትም በአንድ የአሜሪካ ቴሌኮም ተቆልፈው ሊሆን ይችላል። ሳትልኩ በፊት መከፈቱን አረጋግጡ፣ አይክላውድ ከተባለው የአፕል አካውንታችሁም ውጡ። እማማ ቢቸና ላይ የይለፍ ቃል ስትጠየቅ እዚያ የሚረዳት ሰው የለም። ለእርሷ 5000 ባትሪ ያለው፣ ጽሑፉ ተልቆ የተስተካከለ ስልክና አንድ ጠንካራ ሽፋን ይበልጥባታል።

ክረምት ላይ ዝናብ የገባበትን ስልክ ወዲያው ማጥፋት ነው፤ ቻርጅ አይሰካም፣ «ይሠራ ይሆን» ተብሎ አይከፈትም። ውሃው ራሱ ብዙ አይጎዳም፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ነው ቦርዱን የሚያዝገው። ሩዝ ውስጥ መቅበር ቦርዱ ላይ ያለውን ውሃ አያወጣም፤ ጤፍማ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ሌላ ሥራ ይፈጥራል። ጠጋኙ ከፍቶ በአልኮል ይጠበው።

አዲስ ሲገዛ *#06# ደውሎ የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ማስተያየት፣ ሁለቱንም ሲም አስገብቶ መደወል፣ ከሱቁ ወጥቶ ስክሪኑን ፀሐይ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# የሙከራ ገጹን ይከፍታል፤ አልከፍትም ካለ ፎርጅድ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ያገለገለ ስልክ ላይ ጀርባው ከፍ ብሎ እንደሆነ በጣት መዳሰስ፣ ባትሪው ማበጡን የሚናገረው እርሱ ነው። ከዚያ ሻጩ የጉግል አካውንቱን ከስልኩ አውጥቶ ፊት ለፊት ሁሉንም ያጥፋው፤ ስልኩ ተመልሶ ሲነሣ የቀድሞ ባለቤት የይለፍ ቃል ከጠየቀ ገንዘቡ ከኪስ አይውጣ።