ስልሳ፣ ሰማንያ፣ መቶ

8ኛ ክፍል ሒሳብ የምታስተምሩ ታውቁታላችሁ፣ ፓይታጎረስ ጋ ስትደርሱ ልጆቹ "ኤ ስኩዌር ፕላስ ቢ ስኩዌር" የሚለውን (90 ዲግሪ ማዕዘን ባለው ጎነ ሦስት የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ስኩዌር ተደምሮ ከረጅሙ ጎን ስኩዌር ጋር እኩል ነው የሚለውን ሕግ) በአንድ ድምፅ እንደ መዝሙር ይወጡታል። 6 እና 8 ካላችኋቸው 10 ብለው ይቀድሟችኋል። ግን ገልብጣችሁ "ጎኖቹ 5፣ 6 እና 8 የሆነ ጎነ ሦስት 90 ዲግሪ ማዕዘን አለው ወይ?" ስትሏቸው ግማሹ አለው ይላል ግማሹ የለውም ይላል፣ ለምን ስትሉ መልስ የለም። ኮንቨርስ የምንለው እሱ ነው፣ ሕጉን ገልብጦ ከጎኖቹ ተነስቶ ማዕዘኑን ማወቅ። ከ7ኛ ጀምሮ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደሞ ቃሉን ሲፈቱ ሐሳቡ ያልፋቸዋል። ለኔ ግን ችግሩ ቋንቋው ብቻ አይመስለኝም፣ ይሄ ነገር ምን ሥራ ላይ እንደሚውል ማንም በእጃቸው አስይዞ አላሳያቸውም።

የማስተምረው ደብረ ብርሃን አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ከስልሳ በላይ ልጅ አለ፣ አንዱ ዴስክ ላይ ሦስትም አራትም ይቀመጣሉ። ባለፈው ዓመት ሰከንድ ሴሚስተር ላይ ፓይታጎረስን በሲባጎ ላስተምር ብዬ ከገበያ አንድ ጥቅል ሲባጎ ገዛሁና ለየግሩፑ ቆራርጬ ሰጠኋቸው። ትእዛዙ ቀላል ነው፣ ሲባጎው ላይ እኩል እኩል የሆኑ አሥራ ሁለት ክፍተቶች ምልክት አድርጉ፣ ጫፍና ጫፉን አገናኙ፣ ከዛ ሦስት ልጆች ይዘው 3፣ 4 እና 5 ክፍተት እንዲሆን ወጥሩት፣ ማዕዘኑን በደብተር ጥግ ለኩት። በቃ።

የዲፓርትመንት ኃላፊያችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ስታፍ ሩም ውስጥ ሲባጎውን ሲያዩ "የኔ ልጅ ሚኒስትሪ ደርሷል፣ ገና ያላለቀ ቻፕተር አለሽ፣ ፈተናው ላይ ገመድ አይመጣም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ፔሬዱ ትንሽ ነው፣ ሲላበሱ ካላለቀ የሚጠየቀው አስተማሪው ነው። እኔም "ጋሼ አንድ ፔሬድ ብቻ ይስጡኝ፣ ቢያስፈልግ ቅዳሜ ቲቶሪያል አካክሰዋለሁ" አልኳቸውና እሺ አሉኝ።

እና ክፍል ገባን። ግሩፖቹ ያው አንድ ለአምስት ናቸው። ብዙዎቹ ምልክቱን ያደረጉት እየቋጠሩ ነበር፣ ሲባጎውን መጀመሪያ በማስመሪያ እኩል ከፋፍለው ምልክቱ ላይ ቋጠሩት። ሲወጥሩት ታዲያ የደብተሩ ጥግ አልገጥም አለ። አንዱ ግሩፕ ማዕዘኑ ጠበበ፣ ሌላው ሰፋ፣ አንዷማ "ቲቸር ፓይታጎረስ ተሳስቷል" አለችኝ ከልቧ። ዝም አልኳት። መልሱን እኔ ብነግራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ያቺን ጥያቄ ከእጇ ላይ መቀማት አልፈለግኩም። እንደገና በማስመሪያ ክፍተቶቹን ሲለኩ አንዱ 9 ሳንቲ ከምናምን አንዱ 8 ተኩል ሆኖ አገኙት። ቋጠሮ ሲባጎ ይበላል፣ ጠበቅ አድርጎ የቋጠረና ላላ አድርጎ የቋጠረ ደሞ እኩል አይበላም። ይሄን ራሳቸው ደረሱበት፣ ቋጠሮውን ፈቱና በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረጉ፣ ሁለተኛ ሲወጥሩት የደብተሩ ጥግ ቁጭ አለ። ያቺ ልጅ ደብተሯን አንዴ በዚህ በኩል አንዴ በዚያ በኩል እያገላበጠች ስትሞክር ፊቷን ብታዩት።

ዋናው ነገር የመጣው ግን ከኋላ ወንበር ነው። በሴሚስተሩ ሙሉ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ አለኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ከግንበኞች ጋር ቀን ሥራ ይሠራል፣ ሰኞ ሰኞ እጁ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቆ ነው የሚመጣው። ሲባጎውን እንደያዘ "ቲቸር ይሄ እኮ ስልሳ ሰማንያ መቶ ነው" አለኝ። ምንድነው እሱ ስለው ወደ ፊት ወጥቶ በሠራተኛ እጅ አሳየን። ግንበኛው ጥግ ሲያወጣ ሁለት ሲባጎ ይወጥራል፣ አንዱ ላይ ከጥጉ 60 ሳንቲ ይለካል፣ ሌላው ላይ 80 ይለካል፣ በሁለቱ ምልክት መሀል ልክ አንድ ሜትር እስኪመጣ ድረስ አንዱን ሲባጎ ግራ ቀኝ ያደርገዋል፣ መቶ ሲመጣ "እስኳድራ ሆነ" (ጥጉ ልክ 90 ዲግሪ ሆነ) ይልና ችካሉን ይመታል። "ለምን 60 እና 80 ሆነ?" አልኩት። "እንደዛ ነው የሚሠራው" አለ፣ ማንም አልነገረውም። ክፍሉን ዞር ብዬ አየሁና ቾኩን ለሱ ሰጠሁት። 60 ሲባዛ በ60 3600፣ 80 ሲባዛ በ80 6400፣ ድምሩ 10,000፣ የዛ ስኩዌር ሩት 100። ቦርዱ ላይ ሲጽፈው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሲጨርስ ከፊት ያለች ልጅ "ሁሉንም ለ20 ካካፈልነው 3፣ 4፣ 5 ነው እኮ!" አለች። የተመሳሳይ ምስሎችን ትምህርት ያን ጊዜ ያለ ዕቅድ ከለስነው ማለት ነው። ኮንቨርሱም እዛው ነበር፣ ግንበኛው ማዕዘኑን አይለካም፣ ሦስቱን ጎን ለክቶ ማዕዘኑን ያውቃል። ከዛ በኋላ ኮንቨርስን ሌላ ነገር ብዬ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በዛ ሰሞን ግቢያችን ውስጥ በኅብረተሰቡ መዋጮ ተጨማሪ መማሪያ ክፍል ሊሠራ ቦታው ተጠርጎ ችካልና ሲባጎ ተወጥሮ ነበር፣ በነጋታው መሠረት ሊቆፈር። ልጆቹ እንሂድና እንለካው አሉ። ግንበኛውን አስፈቀድኩ፣ "ሲባጎውን ሳይነኩ ይለኩ" አለና ሜትሩን ራሱ አዋሰን። አንዱ ክፍል 7 በ9 ሜትር ነው። ከመጀመሪያው ጥግ በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር በሌላው 4 ሜትር ለኩ፣ መሀሉን ሲለኩት 5 ሜትር ከ12 ሳንቲ መጣ። እንደገና ለኩ፣ ያው 12። አንዱ ሜትሩ ረግቧል አለ፣ ሌላው ይዞ ወጠረው፣ አሁንም ያው። እኔም ወስጄ ለካሁት። 5.12 ስኩዌሩ 26.21 ነው፣ መሆን የነበረበት 25 ነው፣ ስለዚህ ማዕዘኑ ከ90 ይበልጣል ብለው ደመደሙ፣ ያ ከኋላ ወንበር የመጣው ልጅ ደሞ ቀስ ብሎ "ይሄ እስኳድራ አይደለም" አለ።

ግንበኛው መጀመሪያ ትንሽ ከፋው። ትናንት ልክ አድርጌ ነው የሄድኩት አለ፣ ልጆች ናቸው ብሎም ሊያልፈው ነበር፣ ግን ሥራውን የሚያከብር ሰው ነውና መጥቶ በራሱ 60፣ 80፣ 100 ሲለካው መቶው አልመጣም። ከዛ የሩቁን ችካል ሄዶ አየው፣ ከጎኑ አዲስ የተነቀለ ጉድጓድ አለ። ማታ ግቢ ውስጥ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ነቅለውት በግምት መልሰው ተክለውት ኖሯል። በ9 ሜትር ርዝመት ላይ ልዩነቱ ወደ 45 ሳንቲ ይመጣል። በዛው ተቆፍሮ ድንጋይ ቢገባበት ኖሮ ግድግዳው ጠማማ፣ ጣራውም ሲገጠም ቆርቆሮው አንዱ ጋ ተርፎ አንዱ ጋ ጎድሎ ማለት ነው። ግንበኛው ችካሉን ወደ ቦታው መለሰና ልጆቹን ጠርቶ "ኑ አሁን ለኩልኝ" አላቸው። 5 ሜትር ሲመጣ የተጮኸው ጩኸት ርእሰ መምህሩን ከቢሮ አስወጣቸው።

ግንበኛው ደሞ በተራው አስተማራቸው። አራቱም ጥግ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጠው በማቋረጫው ነው፣ ፊት ለፊት ያሉት ጎኖች እኩል ሆነው ከጥግ ጥግ ሁለቱንም ለክቶ እኩል ከሆነ ክፍሉ እስኳድራ ነው። ልጆቹ ስንት መምጣት እንዳለበት ሳይለኩ በፊት አስልተው ነገሩት፣ 49 ሲደመር 81 130፣ የሱ ስኩዌር ሩት 11.40። ሜትሩ ሲዘረጋ 11 ሜትር ከ40 መጣ፣ ሁለቱም። ግንበኛው ዓይናቸውን እያየ "ሳትለኩ ከየት አወቃችሁት?" አላቸው። ስኩዌር ሩትን ስንት ዓመት አስተምሬ ተማሪዎቼ አንድ አዋቂ ሰው ጋ ሄደው ለሥራው የሚጠቅመውን ቁጥር ሲነግሩት ያየሁት የዛን ቀን ነው፣ እስካሁን ሳስበው ደስ ይለኛል።

ኋላ ቤቴ ገብቼ አንድ ነገር አሰላሁና በነጋታው ለክፍሉ ወሰድኩት። በ60፣ 80፣ 100 ሲለካ መቶው ላይ አንድ ሳንቲ ቢሳሳቱ 9 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 19 ሳንቲ ይጣመማል፣ በ3፣ 4፣ 5 ሜትር ለክተው ያችኑ አንድ ሳንቲ ቢሳሳቱ ግን 4 ሳንቲ አይሞላም። ቁጥሮቹ ተመሳሳይ ናቸው፣ ጎነ ሦስቱ ሲተልቅ ያው ስሕተት ያንሳል። ይሄንን ለግንበኛው ነግረውት ከዛ ወዲህ ሰፊ ቦታ ካለ ትልቁን እንደሚጠቀም ያ ልጅ ነገረኝ፣ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮት ይሠራል።

ባቢሎኖችም ይሄን ያውቁ ነበር ብዬ ነገርኳቸው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያለች ፕሊምፕተን 322 የምትባል የሸክላ ጽላት አለች፣ ዕድሜዋ 3,800 ዓመት ይጠጋል፣ ከፓይታጎረስ ከ1,000 ዓመት በላይ ትቀድማለች። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ 119 እና 169 አሉበት፣ 169 ረጅሙ ጎን ነው። ሦስተኛውን ቁጥር ፈልጉ አልኳቸው፣ 120 ሆኖ ሲወጣ ያለ ካልኩሌተር የደረሱበት ነበሩ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ድሮ ብሰጣቸው ደብተር እንኳን አይከፍቱም።

ከዛ በኋላ ባደረግነው ቴስት ላይ "ከሚከተሉት የየትኛው ጎኖች 90 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ጎነ ሦስት ይሠራሉ" የሚል ጥያቄ ነበር፣ ሚኒስትሪም ላይ የሚመጣው ዓይነት። ወረቀቱን ሳርም ብዙዎቹ ጥግ ላይ ሁለት መስመር ስለው ቁጥሩን በየጎኑ ጽፈው ነው ያሰሉት። ጋሼ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ስለ ፔሬዱ ምንም አላሉኝም፣ የሳቸው ክፍል ያሉት ልጆች ግን የቀረ ሲባጎ እንዳለ መጥተው ጠየቁኝ።

በዚህ አጋጣሚ ለሙያ ጓደኞቼ አንድ የምለው አለኝ። ፔዳጎጂካል ማዕከላችን በካርቶን በተሠራ የትምህርት መርጃ የተሞላ ነው፣ በቀለም ያማረ፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚታይ፣ ብዙው ግን ልጅ እጅ ገብቶ አያውቅም። ልጅ እጅ የሚገባ ነገር ደሞ ልጁን "ተሳስተሃል" ማለት የሚችል መሆን አለበት። እንጀራን ለአራት ቆርጦ ይሄ አንድ አራተኛ ነው ማለት ጥሩ ነው፣ ግን እንዴትም ብትቆርጡት እንጀራው ዝም ነው የሚለው። ሲባጎው ግን እምቢ ይላል፣ 12 ሳንቲው እምቢ ይላል፣ ልጁም ከአስተማሪው ጋር ሳይሆን ከነገሩ ጋር ይከራከራል። ፓይንም የማስተምረው እንደዛ ነው፣ ከቤት የድስት ክዳን፣ ጣሳ፣ የሰፌድ ዙሪያ በሲባጎ ለክተው ይመጣሉ፣ ለዲያሜትሩ ያካፍላሉ፣ 3.1 እና 3.2 አካባቢ ይመጣል። አንድ ልጅ 3.5 ይዞ ከመጣ ሰፌዱ ሞላላ ነው ወይስ ሲባጎው ረግቧል ብለው ይፈትሹታል፣ እኔ ኤክስ አላደርግበትም።

ግንባታ የሌለበት ትምህርት ቤት ያላችሁ ደሞ የክፍሉን በር፣ ብላክ ቦርዱን፣ የኳስ ሜዳውን ጥግ አስለኳቸው፣ የኛ 8ለ በር ከላይ ጠማማ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። ሲባጎው የማይለጠጥ ይሁን፣ የናይለን ክር ሲወጠር ይረዝምና ልጆቹን ያደክማል። ምልክቱን በቋጠሮ እንዳያደርጉ ግን ቀድማችሁ አትንገሯቸው።