ዋሽንቱ እምቢ ያለ ቀን

ለአንድ ፊልም ማጀቢያ ዘፈን እየሠራን ነበር። ድምፃዊቷ ሌላ ስቱዲዮ ውስጥ በኪቦርድ ታጅባ ዘፍናለች። ለእኔ የደረሰኝ ድምጿ ብቻ ነው፣ በፍላሽ። የእኔ ድርሻ ማሲንቆና ዋሽንት መደረብ፣ ከዚያ ዘፈኑን ከትዕይንቱ ጋር ማስማማት።

ሦስት ጊዜ ዘፍናዋለች። ከሦስቱ ጥሩ ጥሩውን ስንኝ እየመረጥኩ ቀጠልኩት። ለመቁረጥ የሚመቸው ትንፋሽ የምትስብበት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ከተገጠመ ስፌቱ አይሰማም። ትንፋሿ ግን ቶሎ ቶሎ፣ አጠር አጠር ያለ ነበር። ማይክ አስፈርቷት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ማሲንቆ የሚጫወቱት ጋሼ መጡ። ሄድፎን አድርገው ትንሽ አዳመጡ፣ የፈረስ ጭራውን ክር ጠበቅ አደረጉና ድምጿ ላይ ቃኙት። በአንድ ሰዓት ጨረስን።

ከሰዓት ዋሽንተኛው ከቦርሳው ስድስት ዋሽንት አወጣ። ዋሽንት ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ ቅኝቱ አይቀየርም፤ ለዚህ ነው ተጫዋቾች የተለያየ ርዝመት ያለው ይዘው የሚዞሩት። አንዱን ሞከረ፣ ዝቅ አለ። ሌላውን ሞከረ፣ ከፍ አለ። ስድስቱም እምቢ አሉ።

«በከንፈርህ አስተካክለዋ» አልኩት። ሁለት ስንኝ ታገለና ዋሽንቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እሷን መድረክ ላይ አጅቤያታለሁ። ድምጿ እንዲህ አይቀጥንም።»

ያኔ ነው ፋይሉን ያየሁት። 44.1 ኪሎኸርዝ ይላል። የእኛ ሴሽን፣ ማለትም ዘፈኑን የምንሠራበት ፋይል፣ 48 ነው። የሲዲ ሙዚቃ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ማለትም የድምፁን የቅጽበት ልኬት፣ ይይዛል፤ ለፊልም የሚሠራው 48,000። ሳይቀየር ከገባ ማሽኑ በራሱ ፍጥነት ያነበዋል። ድምፁ 9 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፣ አንድ ሰሚቶን ተኩል ያህል ይወጣል፤ ሰሚቶን ከአንድ የኪቦርድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው፣ ስለዚህ ድምፁ ከቁልፎቹ መሃል ይወድቃል። የ4 ደቂቃ ዘፈን 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይሆናል። ፋይሉን ሳስገባ ሶፍትዌሩ «ይቀየር?» ብሎ ጠይቆኛል። ቸኩዬ ነበር፣ ዘጋሁት።

አስተካክዬ ከፈትኩት። ያች ሴት መጣች። ድምጿ ሞላ፣ ትንፋሿ ረዘመ። ፈርታ አልነበረም።

ማሲንቆው ግን ከቅኝቱ ወጣ። አብሮ ቢዘገምስ ብለን ሞከርነው። ተስማማ፤ የደጋኑ ፍትጊያ ግን ደነዘዘ፣ ነፍስ የለውም። የዘፈኑ ውበት ያለው እዚያች ፍትጊያ ላይ ነው። ለጋሼ ደወልኩላቸው። ስህተቱ የእኔ መሆኑን፣ ክፍያቸውንም ድጋሚ እንደሚያገኙ ነገርኳቸው።

በማግስቱ መጥተው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ከፍ እንዳለ እኔም ታውቆኝ ነበር። ማሽኑን የምታውቀው አንተ ነህ ብዬ ዝም አልኩ።»

ከስህተቴ በላይ ይቺ ቃላቸው አመመችኝ። አርባ ዓመት ማሲንቆ የያዘ ሰው የጆሮውን የማይነግረኝ፣ እኔ ስላልጠየቅኩት ነው። አሁን ማንም ከመጫወቱ በፊት ድምፁን ብቻውን አሰማዋለሁ። «እሷን ትመስላለች?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ያን ቀን ጋሼ ክሩን ላላ አድርገው እንደገና ቃኙ። ዋሽንተኛው አንዷን ዋሽንት መዘዘ፣ ገጠመች። መግቢያው ላይ እሷ ትንፋሽ ስትስብ እሱም እኩል ሳበ። ሁለቱም ትንፋሽ ማይኩ ውስጥ ገባ። ያንን ቦታ በኤዲት አልነካሁትም።