ከወለሉ ስር ምን አለ?

ፍላታችንን ለሽያጭ ስናቀርብ ገዢ ቶሎ ተገኘ። ለንደን ውስጥ ድሮ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤት ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ አንድ ባለቤት ለሁለት ከፈለው፤ የእኛ የላይኛው ነበር። ነገር የተበላሸው የገዢዋ ሶሊሲተር (ግዢውን የሚይዝላት ጠበቃ) ጥያቄ ሲልክ ነው፦ ቤቱ ሲከፈል የቢልዲንግ ኮንትሮል ሰርተፍኬት ተሰጥቷል? አልተሰጠም።

አዲስ አበባ ቢሆን ጭንቀታችን ካርታ ነበር። እዚህ ስማችን መዝገብ ላይ አለ፣ የፕላኒንግ ፈቃዱም አለ። ፕላኒንግ ግን የሚለው "ቤቱ ሁለት መሆን ይችላል" ብቻ ነው። ቢልዲንግ ኮንትሮል ደግሞ አሠራሩን ያያል። ታች እሳት ቢነሳ ወለሉ ይገታዋል? ድምፅ ያልፋል? ማምለጫው አስተማማኝ ነው?

ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ የሰፈር ጋሼ አሉ። "አንተ ልጅ፣ ምን ያስጨንቅሃል? ለካውንስሉ ደውልና ንገራቸው" አሉኝ፤ ካውንስል ማለት የአካባቢው አስተዳደር ነው። ይህን ለሶሊሲተራችን ስነግራት ልትጮህብኝ ምንም አልቀራት። "እንዳትደውል!"

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ መንገድ ኢንደምኒቲ ኢንሹራንስ ነው። አንዴ ይከፈላል፣ ለሚቀጥለው ባለቤትም ያገለግላል፣ ካውንስሉ እርምጃ ቢወስድ ኪሳራውን ይሸፍናል። ካውንስሉ ነገሩን ቀድሞ ከሰማ ግን ኢንሹራንሱን የሚሸጥልህ የለም። ሁለተኛው ሬጉላራይዜሽን ይባላል። ከኅዳር 1985 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያለፈቃድ ለተሠራ ሥራ ካውንስሉ ዘግይቶም ቢሆን መርምሮ ሰርተፍኬት ይሰጣል። የሚመዝነው ሥራው በተሠራበት ጊዜ በነበረው ደንብ ነው። ግን ወለል ክፈቱ፣ ይህን አስተካክሉ ሊል ይችላል።

ብዙ ሻጭ ኢንሹራንሱን ይመርጣል፤ እኛም ያሰብነው እሱን ነበር። ካውንስሉ የማስተካከያ ትእዛዝ መስጠት የሚችልበት ጊዜ ድሮ 1 ዓመት ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ በ2023 ወደ 10 ዓመት ቢራዘምም የእኛ ቤት ያንንም አልፏል። አደጋ ካለ ግን ካውንስሉ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ገዢዋ አሻፈረኝ አለች። "እኔ እዚያ ተኝቼ ላድር ነው፤ ኢንሹራንሱ እሳት ያቆማል?" እውነት ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱ ለባንኳ ይበቃ ነበር፣ ለእሷ ግን አልበቃትም።

ስለዚህ ደወልን። ጋሼ ዞሮ ዞሮ ልክ ሆኑ፣ ምክንያቱን ባያውቁትም።

ተቆጣጣሪው ምንጣፉን አስነስቶ ሳንቃ አስፈታ። በወራጆቹ መሃል አቧራ ብቻ ነበር፤ ድምፅም እሳትም የሚይዝ ነገር የለም። የደረጃው በርም ተራ በር ነው። የሕንፃው ባለቤትነት ከታችኛው ጎረቤት ጋር የጋራ ስለሆነ የእሱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ይከራከራል ብለን ስንፈራ ወዲያው እሺ አለ፤ ለካ የልጆቻችን ሩጫ ስንት ዓመት አንገሽግሾታል! ኮርኒሱን ጨምሮ እንዲሠራ ፈቀደ። እሳት የሚቋቋም በር፣ እርስ በርስ የተገናኘ የጭስ ማንቂያም ተገጠመ።

ወጪው ከኢንሹራንሱ ጋር አይወዳደርም። ገዢዋ ዋጋው ላይ ጨምራ ግማሹን ተጋራችን፤ ለዚያውም ባለቤቴ ጠንክራ ከተደራደረች በኋላ።