የሣሩ ባለቤት

ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፌ የተነሣሁት ተደብሬ ነው። አርግዞ አልወልድ ያለው ሰማይ ይሁን፣ ወይም ትናንት ከአሳታሚው የመጣው መልእክት፣ አላውቅም። ቤት መቀመጥ ሲያስጠላኝ ለምሳ ዓሣ ልግዛ ብዬ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ። አራት ቆሮሶ አስጸድቼ በጥቁር ፌስታል አንጠልጥዬ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ አንገቱ ላይ ከረጢቱን አንጠልጥሎ፣ ጡረታውን ሊቀበል የተሰለፈ ሽማግሌ መስሎ አጠገቤ ቆሟል።

መልእክቱ አጭር ነበር፦ «የእንስሳቱ ጉባኤ ጥሩ ነው፤ መጨረሻው ግን ለልጆች ይከብዳል። አህያዋ ባትበላስ?»

ተረቱን ታውቁታላችሁ። ድርቅ ሆነ። አያ አንበሶ፣ አያ ነብሮ፣ አያ ጅቦና እመት አህያ ተሰብስበው «ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው» አሉ። አንበሳው ወይፈን መስበሩን፣ ነብሩ ፍየል ማነቁን፣ ጅቡ ዶሮ መስረቁን ተናዘዙ፤ ምንም አይደለም ተባባሉ። አህያዋ «ጌታዬ መንገድ ላይ ቆሞ ሲጫወት ከዳር ጥቂት ሣር ነጭቻለሁ» ብትል፣ «ዝናብ የቀረው በአንቺ ጦስ ነው!» ብለው ተቀራመቷት።

እማማ ይህን ስትነግረን ድምጿን ዝቅ የምታደርገው አህያዋ ስትበላ አልነበረም፤ ሣሩን ስትነጭ ነበር። ሁለት ጣቶቿን አሹላ ከነጠላዋ ጥለት ላይ አንዲት ክር መዘዝ ታደርጋለች፣ ጌታው እንዳይሰማ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ። ከዚያ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ወደ ምድጃዋ። ማብራሪያ ብሎ ነገር የለም።

ባለፈው እሑድ ይህንኑ ለትንሿ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ «አክስቴ፣ ሣሩ የማን ነበር?» አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ተረቱን ተሸክሜ ስኖር የሣሩን ባለቤት ጠይቄ አላውቅም።

ለልጆች ብሎ ተረት ማለስለስ እርግጥ አሳታሚው የጀመረው አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1697 ፈረንሳዊው ፔሮ ቀይ ቆብ ያጠለቀችውን ልጅ ተኩላ አስበልቶ እዚያው ላይ አቁሟል፤ ሆድ ቀድዶ የሚያወጣት አዳኝ የመጣላት ከግሪም ወንድማማቾች ጋር፣ በ1812 ነው። እነሱም ቢሆኑ በዚያው መጽሐፍ በረዶ የመሰለችውን ልጅ እንድትገደል የምታዘው የወለደቻት እናቷ ነበረች፤ በ1819 እትም እንጀራ እናት አደረጓት። (የእንጀራ እናቶችን ማን ጠየቃቸው?) አዳኙን እቀበለዋለሁ፤ ልጅ ማታ መተኛት አለበት። አህያዋን ማዳን ግን አንበሳውን ነጻ ማውጣት ይመስለኛል።

ድንጋዩ ላይ ሆኜ መጽሐፎቼን በጣቴ ቆጠርኩ። ሁሉም እማማ ሳትነግረን ካለፈችው ነገር የወጡ ናቸው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የመጀመሪያው መጽሐፌ ቁርበቱን ስላነጠፈችለት ልጅ ነበር። ታዲያ የሣሩ ባለቤትስ? ቄጤማ ሻጭ ብትሆንስ? ለቡና ጎዝጓዦች አጭዳ ልትሸጥ ያሰበችውን አህያዋ የነጨችባት? ወሬውን ሰምታ፣ ነጠላዋን በወገቧ አስራ፣ «ሣሩ የእኔ ነው፣ ምሬያታለሁ!» እያለች ወደ ጉባኤው ብትሮጥስ? አንዴ በጊዜ አደርሳታለሁ፣ አንዴ ዘግይታ ትደርሳለች፣ አንዴ ደግሞ ሲያዩዋት «አንቺስ ምን ሠርተሻል?» ይሏታል። ይህኛው አስፈራኝ፤ ስለዚህ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም።

ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሴትዮዋ ገና እየሮጠች ነበር። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ «ወዴት?» ብሎኛል።

እህቴ ዘይቱን አግላ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ዓሣውስ?»

ቤተሰቡ ጉባኤ ተቀመጠ። አንድም ሳልደብቅ ተናዘዝኩ፤ ድንጋዩን፣ ራሰ በራውን ወፍ፣ ቄጤማ ሻጯን። በአንድ ድምፅ ተፈረደብኝና ሽሮ በላን። ትንሿ ብቻ ጉርሻዋን ይዛ ቆየች።

«አክስቴ፣ ወፉ ፌስታሉን ምን አደረገው?»