ሁለቱ አንበሶች

ሥራዬ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ስለሆነ ሁለቱን አንበሶች በየቀኑ አያቸዋለሁ ብል ውሸት ነው፤ አልፋቸዋለሁ። አንዱ ለገሀር፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ዘውዱን ደፍቶ የቆመው ነው። ሌላው ከቲያትር ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የድንጋዩ ነው። ይኸኛው ሐውልትነቱ ተረስቶ አድራሻ ሆኗል። «አንበሳው ጋ ጠብቀኝ» እንባባላለን። ቀጠሮ ያለው ሰው ሁሉ ጀርባውን ለአንበሳው ሰጥቶ መንገድ መንገዱን ያያል።

ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር ወጣሁ። የዓይን ሞራዋን ለማስገፈፍ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ዘንድ ሰንብታለች። ፋሻው ከተፈታላት ወዲህ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር የለም። የሳሎናችንን ግድግዳ ስንጥቅ አንድ በአንድ አሳይታናለች፤ እኔም እንደ ሸበትኩ ነግራኛለች። ከተማውን በአዲሱ ዓይኗ ማየት አማራት።

ከለገሀር ጀመርን። ገና ከሩቅ፣ «ይሄስ አንበሳ ነው!» አለች። ጎፈሩን፣ መዳፉን፣ የጎድኑን መስመር እየዞረች አየች። «ዘውድ ደፍቶ ግን አደን እንዴት ይወጣል?» ስትል አጠገባችን የቆመ ሎተሪ አዟሪ ሳቀ።

ይህ አንበሳ ዦርዥ ጋርዴ የተባለ ፈረንሳዊ የሠራው ነው፤ ከ1923ቱ የዘውድ በዓል ጋር ተያይዞ ቆመ። ጣልያን አገሩን ሲይዝ ወደ ሮም አጋዘው፤ ከነጻነት በኋላም ብዙ ዓመት እዚያው ቆይቶ ነው የተመለሰው። ለአክስቴ የነገርኳት ግን የዘርዓይ ደረስን ታሪክ ነው። ሰኔ 1930 ዓ.ም. ሮም ውስጥ ይህንኑ አንበሳ በባዕድ አደባባይ ሲያየው ተንበረከከ። ከዚያ ሊያስነሱት ሲመጡ ሰይፉን መዝዞ ጣልያኖችን አቆሰለ። ዳግም ነጻ ሰው አልሆነም፤ እንደ አእምሮ ሕመምተኛ ተዘግቶበት በ1937 ዓ.ም. አካባቢ እዚያው ጣልያን አገር አረፈ። ዘርዓይ የጦር አዛዥ ወይም የቤተ መንግሥት ሰው አልነበረም፤ አስተርጓሚ ነበር። አክስቴ ነጠላዋን አጣፋች፤ ምንም አልተናገረችም።

ወደ ብሔራዊ ወጣን። ቲያትር ቤቱ በጣልያን ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» ተብሎ የተጀመረ ነው፤ በኋላ አንሪ ሾሜ የተባለው አርክቴክት እንደገና ነድፎት ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ። የድንጋዩን አንበሳ የሠራው ሞሪስ ካልካ ደግሞ ሾሜ ያመጣው ቀራጺ ነው። ዛሬ ከጀርባው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ወጥቶ ቆሟል። ሰው ሁሉ ስልኩን የሚያነሳው ወደዚያ ነው። እኔ በግሌ ያ መስታወት ከአንበሳው የቀማው ነገር ያለ አይመስለኝም። አንበሳው ሲሠራም በቁመቱ የሚመካ አልነበረም።

አክስቴ ፊት ለፊቱ ቆማ ራሷን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አደረገች። ልብ ብዬ ያላየሁትን እሷ አየችው፦ ለመዝለል አልተዘጋጀም፤ አልተኛም፤ አካሉ እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ጎፈሩም ጸጉር ከመሆን ይልቅ ተጠርቦ የተደረደረ ድንጋይ ነው።

«ይሄ አንበሳ አይደለም» አለች።

«ታዲያ ምንድን ነው እቴቴ?»

«የተቆጣ ሰው ነው። አያትህ እንዲህ ነበር። አይጮህም፤ አይማታም፤ ተነስቶ ይቆማል። ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል።» ትንሽ ቆይታ፣ «ሰውየው አባቴን የት አግኝቶት ነው?» አለች።

ካልካ አያቴን አላገኘውም። ፖላንድ ተወልዶ ፈረንሳይ ያደገ፣ በ1950 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር «የሮም ሽልማት» የሚባለውን የፈረንሳይ የጥበብ ሽልማት ያገኘ ቀራጺ ነው። በኋላ ደግሞ ጠረጴዛ ነድፎ በእሱም ዝነኛ ሆኗል። ይህን ስነግራት፣ «ጠረጴዛ?» ብላ ቅር አላት።

ከዚያ ወዲህ ሳሰላስል የሰነበትኩት ይህንኑ ነው። ስለ ቅርጽ አንድ መስመር ያላነበበች ሴት፣ እኛ ለቀጠሮ ብቻ የምንፈልገው ድንጋይ ውስጥ አባቷን አገኘች። ያም የሆነው አንበሳው አንበሳ ስላልመሰለ ይመስለኛል። ቢመስል ኖሮ «ይሄስ አንበሳ ነው» ብላ ታልፍ ነበር። የለገሀሩ ምን እንደሆነ ራሱ ይናገራል፤ የብሔራዊው ግን የሚያየው ሰው ከራሱ የሆነ ነገር ካላመጣለት አይናገርም። ስለዚህ ነው ሚዛኔ ወደ ድንጋዩ የሚያደላው።

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ደግሞ ዘርዓይ ይመጣብኛል። ሮም ላይ ያገኘው የካልካ አንበሳ ቢሆን ይንበረከክ ነበር? አይመስለኝም። በሰው አገር፣ በጠላት መሃል ያለ ሰው የራሱን በአንድ እይታ ማወቅ አለበት፤ ቆሞ ለመመራመር ጊዜ የለውም። የጋርዴ ሥራ በእኔ ዓይን ከቤተ መንግሥት ጌጥ ብዙም አይበልጥም፤ ሆኖም አንድን አስተርጓሚ ሰይፍ ያስመዘዘው እሱ ነው። ይህን ከድንጋዩ ወገን ሆኜ የምመልስበት መላ አላገኘሁም።

ማታ የሁለቱንም ፎቶ በስልኬ አሳየኋትና የትኛውን ለደብረ ብርሃን ጎረቤቶቿ እንደምልክላቸው ጠየቅኋት።

«ዘውድ የደፋውን» አለች ሳታመነታ።

«ያኛውን አልነበር የወደድሽው?»

«እሱንማ ብልክላቸው ስለ አባቴ ማስረዳት ልጀምር ነው። ግማሾቹ ደግሞ ያውቁታል፤ ሌላ ወሬ ያመጣል።»

የለገሀሩን ላክሁ።