የጓደኛዬ ጃኬት

ቢሮ ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ከባልደረባም በላይ ነው። ባለፈው ወር ሳረፍድ ለአለቃችን «ሽንት ቤት ገብቷል» እያለ አርባ ደቂቃ ሙሉ ጠብቆልኛል። (ስደርስ አለቃችን «ሆድህን ተሻለህ?» ነው ያሉኝ።) ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ወንበሩን ባዶ ሳየው ውለታ የምመልስበት ቀን እንደደረሰ ገባኝ።

ደወልኩ፣ ስልኩ ዝግ ነው። ዓርብ ረስቶት የሄደውን ጃኬት አንስቼ ወንበሩ ላይ ሰቀልኩለት። ጃኬቱ ካለ ሰውየው አለ ማለት ነው። ኮምፒውተሩንም ከፈትኩ፤ የይለፍ ቃሉ ኪቦርዱ ሥር ተለጥፏል። ያስቸገረኝ ቲምስ የሚባለው የቢሮ መልእክት መለዋወጫ ነው። 5 ደቂቃ ካልነኩት ሰው መኖሩን የምታሳየው አረንጓዴ ምልክት ቢጫ ትሆናለች። እየተነሳሁ ማውሱን ስነካካ ወገቤ ሊቆረጥ ሲል አንድ ዘዴ ትዝ አለኝ፦ የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ ማውሱን መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩት። ከሥሩ የሰከንዷ ዘንግ ባለፈች ቁጥር ማውሱ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል። ሠራ! በራሴ ኮራሁ።

አለቃችን መጡ። «የት ሄደ?»

«አሁን እዚሁ ነበር፤ መዝገብ ቤት ወርዶ መሰለኝ።»

ትንሽ ዝም አሉና «እሺ፣ ሲመለስ ይህን ሪፖርት ለነገ ያድርስልኝ» አሉ። አምሽቼ ሠራሁለት። ማክሰኞ ሌላ አመጡ። ረቡዕ ሁለት። ለካ የልጁ ሥራ ከእኔ ይበዛል!

ሐሙስ መጥተው «ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉኝ። ባዶ አንጓዬን አየሁ። እሳቸው ማውሱን አነሱና «አራት ከሩብ» አሉ፣ ረጋ ብለው። «በል አሁን ለጓደኛህ አንድ ኢሜይል ላክለት።»

ላክሁ። ሰከንድ ሳይሞላ አውቶማቲክ መልስ መጣ፦ «እስከ ሰኞ የዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ።»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም ያውቃል! መልእክቱ ያልደረሰኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ክንዴን ብዘረጋ ለምነካው ሰው ምን ብዬ ኢሜይል እጽፋለሁ?

ሰኞ ሲመለስ ተቆጣሁት። «ዓርብ ነግሬህ አንገትህን ነቅንቀህልኝ የለም እንዴ?» አለኝ። የነቀነቅሁት ጆሮዬ ላይ ለነበረው ዘፈን ነው።

ያለቁትን አራት ሪፖርቶች አንድ በአንድ ገለጠ። ከዚያ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ አስተካክሎ እየሰቀለ፦

«ገና ስድስት ቀን ፈቃድ ይቀረኛል እኮ» አለኝ።