የዱባይ በጋና የጣሪያው ሮቶ

አገር ቤት ሰኔ ግም ሲል ጃኬት ይወጣል። እኔ ዱባይ በዚያው ሰሞን ቦይለሩን አጠፋለሁ። ቪላ ውስጥ ለሚኖር ሰው ቀዝቃዛ ሻወር ለማግኘት ከዚህ የሚሻል ዘዴ አላየሁም።

ውሃው የሚወርደው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ስትቀቅለው ስለምትውል ሰማያዊው ቧንቧ ማታ ሲከፈት እጅ አያስቀርብም። ቦይለሩ ግን ኤሲ በሚደርስበት ቦታ ተሰቅሏል። ከብሬከሩ ሲጠፋ በውስጡ ያለው 50 ሊትር ውሃ እያደረ በርዶ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይጠጋል። እናም እስከ መስከረም መጨረሻ ቀዩ ቧንቧ ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊው ሙቅ ነው (እንግዳ ሲመጣ ይህን ካልነገራችሁት ከሻወር ሲጮህ ትሰማላችሁ)። 50 ሊትር ለሁለት ሰው አጭር ሻወር ይበቃል፤ ሦስተኛው የሮቶው ዕጣ ይደርሰዋል። ይህ ውሃ አይጠጣም። ለብ ብሎ የቆመ ውሃ ጀርም ስለሚያራባ በየቀኑ ከፍቶ ማፍሰስም ያስፈልጋል።

በጋው ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። ሰኔና ሐምሌ ላይ ሸማል የሚባለው ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ሙቀቱ ደረቅ ሲሆን እርጥብ ፎጣ አንገት ላይ ጣል ማድረግ ይጠቅማል። ነሐሴ ላይ ወበቁ ሲገባ ግን ላብም ፎጣም አይደርቅም፤ ላብ ካልደረቀ ደግሞ ገላ አይቀዘቅዝም። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። ወበቁ ግን ፀሐይ ከገባ በኋላም አለ።

ያጠፋሁት ጥፋት መስኮት ነበር። የደጋ ልማድ ሆኖብኝ ማታ አየር ይግባ ብዬ ከፈትኩ። ባሕሩ ሌሊትም ሙቅ ስለሆነ የገባው እርጥበት ነው፤ ሴራሚኩ አላበው፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ልብስ ሻገተ። አሁን መስኮቱ ተዘግቶ ኤሲው 24 ዲግሪ ላይ ይውላል። ፊልተሩን በአቧራው ወቅት በየሁለት ሳምንቱ አጥባለሁ። ሲደፈን አየር በደንብ አያልፍም፣ ውስጡ በረዶ ይጋግራል፣ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ግድግዳ ላይ ይንጠባጠባል። በረዶ ካያችሁ ማቀዝቀዣውን አጥፍታችሁ ፋኑን ብቻ ተዉት፤ በቢላ አትፈርፍሩት፣ ቱቦው ይበሳል።

እንጀራም በወቅቱ ይወሰናል። ኤሲ በሌለበት ኩሽና ሊጡ በማግስቱ ይኮመጥጣል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። የማቦካው በፍሪጅ ውሃ ነው፤ እርሾውን በግማሽ እቀንሳለሁ፣ ባልዲውን መኝታ ክፍል አሳድራለሁ። በሁለተኛው ቀን ላዩ ላይ የጠለለውን ቀድቼ አብሲት እጥላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ኩፍ እስኪል ከአጠገቡ አልርቅም፣ ካለፈው ይሟሽሻል።

በኦገስት መጨረሻ ሱሄል የሚባለው ኮከብ ሲታይ ዐረቦቹ ሙቀቱ ሊሰበር ነው ይላሉ። ሌሊቱ ግን ከዚያም በኋላ ሳምንታት ያስጨንቃል። እኔ የማምነው ሰማያዊውን ቧንቧ ነው፤ ጠዋት ሲከፈት እጅ ሲያቀዘቅዝ ቦይለሩን አበራለሁ። 60 ዲግሪ እስኪደርስ አሙቄው፣ የመጀመሪያውን ውሃ አፍስሼ እጠቀማለሁ።